የመሐንዲሱ ትከሻ

አባቴ ፎቶ መነሣት አይሆንለትም ነበር። ካሜራ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል። በየሰው ሠርግ ላይ የተነሣቸው ፎቶዎች ሁሉ ቆሞ የተኛ ያስመስሉታል። ስለዚህ ሲሞት ዓይኑን ገልጦ የሚታይበት ፎቶ የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ። እሱንም የገለጠው ፎቶ አንሺው «በቃ ጨርሰናል፣ ተነሥ» ብሎ ስላታለለው ነው።

መታወቂያውን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ለለቅሶ ስለሆነ ትልቅ አድርጎ እንዲያወጣልኝ ለፎቶ አንሺው ነገርኩት። «ነፍስ ይማር» አለና ተቀበለኝ። ስመለስ አባቴ በፍሬም ሆኖ ጠበቀኝ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከረባት አስሯል፤ ደረቱ ሰፍቷል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«መታወቂያው ላይ ያለው ሹራብ አንገቱ ተተርትሯል። አለበስኩት።»

«ማን አልብስ አለህ?»

«ማንም አይለኝም። ሁሉንም አለብሳለሁ። እስካሁን አንድም ሟች ቅር ብሎት አያውቅም።»

ፎቶውን ወስጄ ለቅሶው ቤት ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ለቀስተኛው እያየው «እንዴት ያለ ቁመና ነበረው!» እያለ ያነባል። አባቴን በሕይወቱ ስለ ቁመናው ያመሰገነው ሰው አልነበረም። እናቴ ስታለቅስ ስታለቅስ ቆየችና ድንገት ዝም አለች። ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ፎቶው ቀረበች።

«ይሄ ትከሻ የማነው?» አለች።

«የባልሽ ነው እንጂ፣ እትዬ» አሏት ጎረቤታችን።

«ፊቱ የባሌ ነው። ትከሻውን አላውቀውም። ለማላውቀው ሰው ትከሻ አላለቅስም።» አንገቷ ላይ የነበረውን ሻርፕ ፈታችና ከፎቶው አገጭ በታች ሸፈነችው። «የሱ ትከሻ ድልድዩ ጋ ነው ያለው» አለች።

ለቀስተኞቹ ተያዩ። አንዷ ውሃ አመጣችላት። ሐዘኑ አእምሮዋን የነካው መስሏቸዋል። እኔ ግን ምን ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ።

በከተማችን መሀል ወንዝ ያልፋል፤ ወንዙ ላይ ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ጫፍ ላይ ደግሞ ታላቁ መሐንዲስ በነሐስ ቆመዋል። ትምህርት ቤት ሳለሁ «ድልድዩን ማን ሠራው?» ስንባል ክፍሉ በሙሉ «ታላቁ መሐንዲስ!» ብሎ ይጮኽ ነበር። አባቴ ድልድዩ ሲሠራ ድንጋይ ተሸካሚ ነበር። ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱን የተሰበረው እዚያ ነው። ይህንን እጄን አውጥቼ ለመምህራችን ብነግራት «ጥያቄው ማን ሠራው ነው እንጂ ማን ወደቀ አይደለም» አለችኝ። ትክክል ነበረች፤ ጥያቄው እሱ አልነበረም።

ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ አልተስተካከለም። ድንጋይ መሸከም ሲያቅተው አንድ ቀራፂ ዘንድ ጭቃ አቡኪ ሆኖ ተቀጠረ። ቀራፂው የሸክላ ጭቃ የሚሠራ፣ ኮስታራ፣ ምሳውንም ቆሞ የሚበላ ሰው ነበር። መሐንዲሱ ሲሞቱ ከተማው ሐውልታቸውን ለዚህ ሰው አዘዘ። የፊታቸው ፎቶ ከየጋዜጣው ተሰብስቦ መጣለት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ እየሳቁ፣ እየተቆጡ። ከአንገት በታች ግን አንድም አልተገኘም። ጋዜጣ ታላላቅ ሰዎችን ከዚያ በታች አይፈልጋቸውም። ቀራፂው ወርክሾፑን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከሱ ሌላ እዚያ የነበረው ሰው አባቴ ብቻ ነው።

«እጅህን ታጠብና እዚያ ሳጥን ላይ ውጣ» አለው።

የዚህ ቀራፂ አሠራር ከሌሎቹ ይለያል። ልብስን ከጭቃ አይቀርፅም፤ «እጥፋቱን ከኔ ይልቅ ጨርቁ ያውቅበታል» ይላል። ሰውየውን ልብሱን እንደለበሰ ያቆመዋል፤ ልብሱን በቀጭን ጀሶ ያርሰዋል፤ ሲደርቅ ከኋላ በመቀስ ቀድዶ እንደ ቅርፊት ያወልቀዋል። ነሐሱ የሚፈሰው በዚያ ቅርፅ ነው። መሐንዲስ በቱታ ስለማይቆም አባቴ ካለው ሁሉ የተሻለውን ሱሪና ኮት ከቤት ለብሶ ሄደ። ሱሪው በስብራቱ በኩል ጉልበቱ ላይ አልቆ ስለነበር እናቴ እራፊ ጥፋበት ነበር።

«ቀጥ በል!» ይላል ቀራፂው።

አባቴ ግራ እግሩ ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል።

«ቀጥ በል አልኩህ እኮ!»

«ቀጥ ብያለሁ፣ ጋሼ። ከዚህ የበለጠ ቀጥታ የለኝም።»

የወርክሾፑ መስኮት ወደ መንገድ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ሰፈሩ ይህንን ሲሰማ ከረመና የአባቴን ስም ረስቶ «ቀጥ በል» ብሎ ጠራው። ልጆች «ጋሽ ቀጥ በል» ይሉታል። ሲሞት እንኳ ከሩቅ የመጣው ለቀስተኛ «የቀጥ በል ቤት የቱ ጋ ነው?» እያለ ነው የደረሰው።

የመጨረሻው ቀን አባቴ አመሻሹ ላይ ቤት ሲገባ እናቴ በር ላይ ተቀበለችው።

«ሱሪህስ?»

«ጀሶ ሆነ።»

«ኮትህስ?»

«እሱም።»

«አዲስ አይሰጡህም?»

«አልጠየቅኩም። ሰውየው ራሱ የደከመው ይመስላል።»

እናቴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቀራፂውን «ያ ሱሪ ቀሚው» እያለች ነበር የምታነሣው።

ሐውልቱ የተመረቀ ቀን እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከገመዱ ውጭ ነበር የቆምነው። ሕዝብ ሲጋፋን እንዳልጠፋ የአባቴን ትንሿን ጣት ያዝኩ። ያቺ ጣት በጭቃ ሥራ ደርቃ አትታጠፍም፤ ለመያዝ ትመቻለች። መጋረጃው ሲወርድ የነሐሱም ሰውዬ የተጠቀለለ ፕላን በያዘ እጁ ላይ ትንሿ ጣቱ ቀጥ ብላ ወጥታ አየሁ። አንዴ ይህቺን አንዴ ያቺን ሳይ አንድ ባለሥልጣን ንግግር ጀመሩ። ታላቁ መሐንዲስ ዘንበል ብለው መቆማቸው ከወንዙ ጋር ሲመካከሩ መሆኑን ተናገሩ። የተጣፈ ሱሪ መልበሳቸው ደግሞ ትሕትናቸውን ያሳያል አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አባቴም አጨበጨበ። እናቴ አላጨበጨበችም።

«እራፊው ጠማማ ነው» አለች። «እዚህ እንደሚሰቀል ቢነግረኝ አስተካክለው ነበር።»

እንግዲህ ለቅሶው ሲያበቃ እናቴ ድልድዩ ጋ መሄድ ጀመረች። መቃብሩ ጋ አትሄድም፤ «እዚያ የሚታይ ነገር የለም» ትላለች። ሐውልቱ ሥር ካለው ደረጃ ላይ ትቀመጥና ጉልበቱን እያየች ታወራዋለች። ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ወንድሟ መኪናውን እንደገና እንዳጋጨ፣ የጎረቤት ድመት ወልዳ ልጆቿን ከአባቴ አልጋ ሥር እንደደበቀች ትነግረዋለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ቀና ብዬ ሳይ ክንዴን ጎተተችኝ።

«ወደ ላይ አትዪ» አለችኝ። «እዚያ ሌላ ሰው ነው ያለው።»

እንደዚህ ከርማ ሳለች አንድ ጠዋት ሠራተኞች ሐውልቱን በሜትር ሲለኩ አገኘቻቸው። ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቀች። ከደረት በላይ ያለው ብቻ ተቆርጦ እንደሚቀር፣ የተረፈው እንደሚቀልጥ ነገሯት። ቤት ሳትመለስ ማዘጋጃ ቤት ሄደች፤ እኔ የደረስኩባት የሐውልቶች ጉዳይ ኃላፊ በር ላይ ነው።

ኃላፊው ቢሮ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ የማይሠራ ማራገቢያና ጥግ ላይ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ነበሩ።

«እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?» አላት።

«ባሌን ልታቀልጡት ነው አሉ።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እናቴ ነገረችው፤ ጉልበቱን፣ ሳጥኑን፣ ጀሶውን፣ ሱሪውን፣ እራፊውን። አልሳቀም፤ አልተቆጣም። እስከ መጨረሻው ሰማት።

«አምኜዎታለሁ» አለ።

«እንግዲያው ተዉልኛ።»

«ማመን በሥራ ድርሻዬ ውስጥ የለም፣ እናቴ። ኮሚቴው ወስኗል። የመሐንዲሱ ቤተሰቦች ‹አይመስላቸውም› ብለው አመለከቱ። እውነታቸውን ነው፤ መሐንዲሱ አጭርና ወፍራም ነበሩ። ፊታቸው ግን ቁርጥ እሳቸውን ነው። ስለዚህ እንደ ጉርድ ፎቶ ከደረት በላይ ያለው ዓምድ ላይ ይቀመጣል።»

«የቀረውስ?»

«ቀልጦ ስማቸው ይሠራበታል። በትልልቅ ፊደል።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ስማቸው ረጅም ነው?»

«ከነማዕረጉ አዎ።»

«ኮቱ አይበቃም? እግሩን ተዉልኝ።»

«የተረፈው ነሐስ የሚሰጠው ለሟች ቤተሰብ ብቻ ነው፤ መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኛ እኮ የሟች ቤተሰብ ነን።»

«የሌላ ሟች» አለ ኃላፊው፤ በትሕትና ነው ያለው።

ጥግ ላይ የነበረችው ሴት ተነሣች። ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላዋለች። «ይቅርታ፣ እማማ» አለች። «ያመለከትኩት እኔ ነኝ። የልጅ ልጃቸው ነኝ።»

እናቴ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ሴትዮዋ አጭርና ወፍራም ነበረች።

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አለቻት እናቴ።

ሴትዮዋ ከጎናችን ተቀመጠች። «አያቴ ሆዳቸው ላይ ነበር የሚያስቀምጡኝ፣ እንደ ወንበር» አለች። «ድልድዩ ጋ ሳልፍ ሰው ሁሉ ያንን ቀጭን ሰውዬ እያሳየ ‹አያትሽ እኮ ናቸው› ይለኛል። እኔ ደግሞ አላውቀውም። ዕድሜ ልኬን የማላውቀው ሰው አያቴ ሆኖ ሲያስቸግረኝ ኖሯል።»

«ያስቸግራል» አለች እናቴ። «እኔም ቤት አንድ የማላውቀው ትከሻ አለ።»

ሴትዮዋ አልገባትም፤ ግን ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞር ብላ ተራፊውን ለሷ እንዲሰጣት፣ ስማቸው በነሐስ ፋንታ የዓምዱ ድንጋይ ላይ ቢጻፍ ቅር እንደማይላት ነገረችው። ኃላፊው መመሪያውን አገላብጦ አየና የሚከለክል ነገር አጣ። ትንሽ ያዘነ መሰለኝ። ሴትዮዋ ስትወጣ እናቴን «የተሰጠኝን ለርስዎ እሰጣለሁ፤ የኔ ሥጋ አይደለም» አለቻት።

የሚቆረጥበት ቀን እናቴ፣ እኔና አጎቴ በአጎቴ የጭነት መኪና ሄድን። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ መንገድ ሙሉ አጉረመረመ።

«እህት ዓለም፣ ጭንቅላት የሌለው ሰውዬ ጭኜ ትራፊክ ቢያስቆመኝ ምን ልበል?»

«ቤተሰብ ነው በል።»

ሐውልቱን የሚቆርጠው በያጅ መሰላሉን ተክሎ፣ መቁረጫውን አዘጋጅቶ፣ ጠመኔ በጆሮው ላይ ሰክቶ ጠበቀን። የመሐንዲሱ የልጅ ልጅም መጥታለች። በያጁ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ወደ ታች ጮኸ።

«ከየት ልቁረጥ?»

«ከደረታቸው፣ ከላይኛው ቁልፍ ሥር» አለች የልጅ ልጃቸው።

«ከአንገት» አለች እናቴ።

ሁለቱ ተያዩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መሐንዲሱ የት እንደሚያበቁ፣ አባቴ የት እንደሚጀምር ያሰበበት ሰው አልነበረም።

«እማማ፣ ጭንቅላታቸው ብቻ ከቀረ እኮ የተቀሉ ነው የሚመስሉት» አለች ሴትዮዋ።

«ትከሻው የኛ ነው፣ ልጄ። እኔ የመጣሁት ለትከሻው ነው። ቤት ያለው ትከሻ የሰው ነው።»

«ትከሻ ባይኖረው ለማራገፍም ይቀለን ነበር» አለ አጎቴ።

«ኧረ እየመሸብኝ ነው!» አለ በያጁ። «ሰውየው የት ጋ ነው የሚያልቁት?»

የሐውልቱን አንገት በመዶሻ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። አንገቱ ላይ የቆየ ብየዳ እንዳለ፣ ነሐሱም እዚያ ጋ ስስ እንደሆነ ተናገረ። ከአንገት ከቆረጠ ስንጥቁ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አገጫቸው አብሮ ይወርዳል። አገጩን ለማትረፍ ከትከሻው በታች መቁረጥ አለበት። ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መሐንዲሱ አገጭ ያጣሉ፣ ወይ አባቴ ትከሻ።

የልጅ ልጃቸው መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። «አያቴ ሲላጩ ለስልሶ እንደሆነ በኔ ጉንጭ ነበር የሚያረጋግጡት» አለች። «አገጫቸውን እዚህ ጋ ያሳርፉታል።» ጉንጯን ነካች። «ግን ይሁን። ከአንገት ይቆረጥ። ቃል ገብቼልዎታለሁ።»

እናቴ ወደ መሰላሉ ሄደች። «ውረድ» አለችው በያጁን። «መሰላሉን ያዝልኝ።»

«እህት ዓለም፣ በዚህ ዕድሜሽ!» አለ አጎቴ።

«አንተም ያዝ።»

ጫማዋን አውልቃ ወጣች። አጎቴና በያጁ መሰላሉን ግራና ቀኝ ያዙ፤ እኔ ቀሚሷን ያዝኩ። እላይ ስትደርስ የመሐንዲሱን ፊት አላየችም። ቀኝ ትከሻውን፣ ያንን ዝቅ ያለውን፣ በእጇ አቧራውን ጠራረገችው። ከዚያ ጉንጯን አሳረፈችበት፤ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ሲጥላት እንደምታደርገው። አባቴ አውቶቡስ ላይ ሁልጊዜ በግራዋ የሚቀመጠው ለዚያ ነበር፤ ዝቅ ያለው ትከሻ በሷ በኩል እንዲሆን። ይህንን ያስታወስኩት ያኔ ነው። በያጁ በአንድ እጁ መሰላሉን እንደያዘ በሌላው ሲጋራ አነደደ። አንድ አውቶቡስ አለፈ። ከመስኮቱ ያዩዋት ሰዎች አንዲት አሮጊት ታላቁን መሐንዲስ አቅፋ እያለቀሰች መስሏቸው ይሆናል። አላለቀሰችም።

ስትወርድ ጫማዋን እያደረገች «ከትከሻው በታች ቁረጥ» አለችው በያጁን። «ሲሸከም የኖረ ትከሻ ነው። አንድ ጭንቅላት አያቅተውም።»

የልጅ ልጃቸው አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች።

«አገጩን ግን እንዳትነካው አንተ!» አለች እናቴ።

የቀረውን ሸራ አልብሰን ጫንነው። ትራፊክ አላስቆመንም። አጎቴ እንዲያውም ቅር ያለው መሰለኝ፤ የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር። ግቢያችን ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር አቆምነው። ነሐሱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ይሞላል፤ እናቴ የድስት ክዳን ገጥማበታለች። ከቤት ስወጣና ስገባ ትንሿን ጣት እይዛታለሁ። አሁንም ለመያዝ ትመቻለች።

መሐንዲሱም ድልድዩ ጋ አዲሱ ዓምዳቸው ላይ ናቸው። ቀኝ ትከሻቸው ዝቅ ብሏል። በቀደም ተማሪዎችን ያስከተለ መምህር ሲያስረዳ ሰማሁ፤ ታላቁ መሐንዲስ የተራውን ሰው ድምፅ ለመስማት ጎንበስ ብለው ነው አለ። ተማሪዎቹ ጻፉ።

ሐውልቱ ግቢ በገባ ሰሞን እናቴ ፎቶው ላይ የነበረውን ሻርፕ አነሣችው። ትከሻውን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ፍሬሙን በክንዷ ሥር ይዛ ፎቶ ቤት ሄደች፤ ተከተልኳት።

«ይሄ ትከሻ የማነው?» አለችው።

ፎቶ አንሺው የምትጣላው መስሎት ወደ ኋላ ሸሸ። «የሚስቴ ወንድም ነው፣ እትዬ። በቤተሰባችን ሙሉ ልብስ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ አንዴ አቁሜ አነሣሁት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሟች ሁሉ የሚለብሰው እሱን ነው።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ እንጂ! መታጠፊያው ጋ ያለው ጎሚስታ እኮ ነው።»

ጎሚስታው ቤቱ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የተነፈሰ ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ቱታው በቅባት ጠቁሯል። እናቴ ፊቱ ቆመች።

«እስቲ ተነሥ» አለችው።

ተነሣ። ውሃ ከእጁ ይንጠባጠባል።

«ቀጥ በል።»

ቀጥ አለ። እናቴ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እሱን አየች። ዞራ ከኋላውም አየችው። ሰፋ ያለ፣ የተስተካከለ ትከሻ ነው።

«ይበቃል» አለችው። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለምኑ፣ እናቴ?»

«ለትከሻው።»

ፍሬሙን በክንዷ ሥር መልሳ መንገድ ጀመረች። ጎሚስታው ወደ እኔ ዞረ። «ምን ሆነው ነው?» አለኝ።

«ባሏ ሞቶባት ነው።»

«ነፍስ ይማር» አለና ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።